የአባ ቧንቧ ጓዝ

ሳምንቱን ሙሉ ከውሃ ጋር ሲታገል ሰንብቶ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አባ ቧንቧ እንደዚያ ነበሩ። በሥራ ቀን የሰው ማድ ቤት ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው የሚያፈስ ቧንቧ ይጠግናሉ፤ ውሃን ከማይገባው ቦታ ሲያስወጡ ይውላሉ። ቅዳሜ ሲደርስ ጎህ ሳይቀድ ይነሱና ራሳቸው በማይገባቸው ቦታ፣ ረግረግ ውስጥ፣ እስከ ጭናቸው ይገባሉ። ምን ፍለጋ? ዳክዬ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ይህ ሰውዬ ዓሣ ሊፈጠር ሲል ሐሳቡን የቀየረ ነው" ይሉ ነበር።

የወፍ አደን ሲባል ሰው ሁሉ ተኩስ ይመስለዋል። ተሳስቷል። የወፍ አደን የተሸካሚ ሥራ ነው፤ ተኩሱ እንደ ማስነጠስ ድንገት መጥቶ የሚያልፍ ነገር ነው። መጀመሪያ ባለ ሁለት አፈሙዙ ጠብመንጃ አለ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ጥይቱ አለ። ከዚያ የእንጨት ዳክዬዎቹ፤ እነዚህ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ሰማይ ያሉትን እውነተኞቹን "ኑ፣ እዚህ ደህና ነው" እያሉ የሚያታልሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ነፋስ እንዳይወስዳቸው በሲባጎ የታሰረ የእርሳስ ብረት አላቸው። እርሳስ ደግሞ እርሳስ ነው፤ አይቀልም። መደበቂያ መረብ አለ፣ ታጣፊ በርጩማ አለ፣ እስከ ጭን የሚደርስ ቦቲ አለ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ዳቦ፣ ፔርሙዝ፣ ገመድ አለ። ይህ ሁሉ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ተነስቶ፣ የጡብ ፋብሪካውን አልፎ፣ ማለቂያ የሌለው በሚመስለው የአፈር ግድብ ላይ ተጉዞ ሸምበቆው ዘንድ መድረስ አለበት። ዳክዬ ተገኘም አልተገኘም መመለስም አለበት፤ ያውም ረጥቦ። የረጠበ ጓዝ ደግሞ በመንገድ ላይ የወለደ ይመስል ይበዛል።

በደጉ ዘመን ጓዙን ለሁለት ነበር የሚሸከሙት፤ አባ ቧንቧና ልጃቸው። ሰዎች "ውሻ ለምን አይገዙም?" ሲሏቸው "ልጅ እያለኝ?" ይሉ ነበር፤ የወደቀውን ወፍ እየዋኘ የሚያመጣው ልጅየው ነበርና። ያ ልጅ አድጎ፣ የጭነት መኪና ሸራ የምትሰፋ ልጅ አገባ። አባ ቧንቧ ራሳቸው አክስቷ ቤት ሄደው ጠየቁለት። ሦስቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ መኖር ጀመሩ፤ አባ ቧንቧ ላይ፣ ባልና ሚስቱ ከሥር፣ ምድር ቤቱ ደግሞ የሷ የስፌት ክፍል። ቀን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ሲንደቀደቅ ደረጃው ሁሉ ይነዝራል።

ልጁ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ይህንን በአጭሩ መናገሬ ሐዘኑ አጭር ስለነበረ አይደለም፤ አባ ቧንቧም ከዚህ በላይ ስለማይናገሩት ነው።

ከዚያ ሁለቱ ቀሩ። አንዱ ከላይ አንዷ ከታች ሆነው እየተደበቁ ያለቅሳሉ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ "ደህና አደሩ?" "ደህና፤ አንቺስ?" ተባብለው ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይተላለፋሉ። የአደን ወቅት መጥቶ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከላይ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዱብ። ወጥታ በሩን ስትከፍተው አባ ቧንቧ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ሁሉ ጓዝ ጀርባቸው ላይ ነው።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እየተነሳሁ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ።"

እሷ ወርዳ የባሏን ቦቲ አጠለቀች፤ ስለሰፋት አፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቀችበት፤ ተመልሳ መጥታ የዳክዬዎቹን ጆንያ ከጀርባቸው ፈታች። "ይነሱ እንግዲህ" አለች። አባ ቧንቧ ምስጋና በቃል የሚናገሩ ሰው አይደሉምና "ቦቲሽን ግራና ቀኝ አዘዋውረሽ ነው ያደረግሽው" ብቻ አሏት።

እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ሲመለሱ እሷ ጭቃውንም፣ ብርዱንም፣ ዳክዬውንም፣ ዳክዬን የፈጠረውንም አማረረች። ባለሙያ ናትና ግን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ነበር። የሽማግሌው ቦርሳ ማንገቻ ከትከሻቸው ሥጋ ውስጥ ገብቶ እንደነበር አይታለች። በማግስቱ ቦርሳውን ተርትራ ጣለችው። ሰፊ ማንገቻ፣ ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ የተደረበበት፣ ወገብ ላይ በዘለበት የሚታሰር ቀበቶ ያለው አዲስ የሸራ ቦርሳ ሰፋችላቸው። ሲሞክሩት ቆም ብለው ተገረሙ።

"ክብደቱ የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ወገብዎ ላይ ቁጭ ብሏል።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ቤት ውስጥ ያላወሩትን ግድቡ ላይ ያወራሉ። ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ፣ ያውም ተሸክሞ፣ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የማይወጣው ነገር ይወጣዋል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ስለ ሟቹ ታነሳለች። "ያ ሰነፍ እኮ አደን ሄድኩ እያለ እዚያ ሸምበቆ ውስጥ ሲተኛ ነበር የሚውለው፤ ነግሮኛል" ትላለች። እሳቸውም "እኔ የማላውቅ መስሎታል? ሲያንኮራፋ ስንት ዳክዬ አባሮብኛል" ይላሉ። ይስቃሉ። ዓይን ለዓይን ለመተያየትም እንደ ደረጃው ላይ አይፈሩም። ከዓመት ዓመት የሚያመጡት ዳክዬ እያነሰ ሄደ፤ የሚሸከሙት ግን ያው ነው። አባ ቧንቧ ሰው ሲጠይቃቸው "ምራቴ ናት" እያሉ ያስተዋውቋታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ይህ ቃል ያስፈራቸዋል። ምራት በልጅ በኩል የምትመጣ ዘመድ ናት። ልጁ ሲሄድ እሷ በምን በኩል ነው የምትቀረው? ወጣት ናት፤ ነገ ሌላ ቤት ልትሠራ ትችላለች፤ ይገባታልም። ያን ቀን እኔ ለሷ ማን ነኝ? ይላሉ በልባቸው። የድሮ ባሏ አባት። ይህ ደግሞ ዝምድና ሳይሆን ትዝታ ነው። ከዚህ ሐሳብ ለመሸሽ ብዙ ቧንቧ ጠግነዋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው የከረመውን አባ ቧንቧ የሰሙት ሳሙና ሊገዙ ሱቅ ሄደው ነው።

"እንግዲህ ምራትዎ ሰው ጠየቃት አሉ" አለች ባለሱቋ፣ ሳሙናውን ለመስጠት ሳትቸኩል። "ያ ሸራ የሚያሰፋው ግዙፉ ሾፌር። ደግ ሰው ነው ይላሉ። እሷ ግን ይኸው እሺ ሳትለው ከረመች።"

"ለምን?" አሉ አባ ቧንቧ።

"ለምን ይሉኛል እንዴ? እሷ ከሄደች ያንን ሁሉ ኮተት ማን ይሸከምልዎታል? ልጅቷ ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ።"

አባ ቧንቧ ሳሙናውን እዚያው ትተው ወጡ። መንገድ ላይ ሁለት ሐሳብ ሆዳቸው ውስጥ እንደ ሁለት ድመት ይነካከስ ነበር። አንዱ "ትሂድ፣ ምን አግብቶህ ታስቀራታለህ፣ አንተ ሽማግሌ" ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ ብቻ ያቃስታል። ይህኛውን ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉትና የመጀመሪያውን ያዙ። እንቅፋቷ ጓዙ ከሆነ፣ ጓዙን ብቻቸውን መሸከም እንደሚችሉ ማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ነጻ ናት። ትሄዳለች። እሳቸውስ? እሱን አላሰቡትም፤ ወይም ላለማሰብ ቸኮሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አባ ቧንቧ አንድ ሰው ነበሩ። በርጩማውን ልተወው አሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ከዳክዬዎቹ ግማሹን ልተው አሉ፤ ሦስት አራት ዳክዬ ብቻውን ሲንሳፈፍ ያየ መንጋ "ሌሎቹ ምን አግኝቷቸው ነው?" ብሎ እንደሚሸሽ ያውቃሉ። ፔርሙዙን አሰቡ፤ እሱንስ አያድርገው። እንዲህ እየተጨነቁ ሳሉ አንድ ደንበኛ ቤት የድሮውን መታጠቢያ አንስተው አዲስ ተከሉ። አሮጌው ሰው ቁጭ ብሎ የሚታጠብበት አጭር ባኞ ነበር፤ ቆርቆሮ፣ ቀላል፣ ሆዱ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። ቤታቸው ወስደው ግቢ ውስጥ አስቀምጠው ዞር ዞር ብለው አዩት። ሸክም ካሸነፈህ አትሸከመው፤ ጎትተው! ሰው በእርጅናው እንዲህ ያለ ብልሃት ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው የሚያውቀው ያረጀ ነው። ገመድ አበጁለት። የውሃ መውጫውን ቀዳዳ በጎማ ውታፍ፣ በላዩ በማጣበቂያ፣ በላዩ ደግሞ በብሎን ደፈኑት፤ የሳቸው ባኞ ውሃ አስገባ ከሚባል ቢሞቱ ይሻላቸዋል።

ዓርብ ማታ ላይ ምራታቸውን "ወገቤን ያዘኝ፤ ነገ የምሄድ አይመስለኝም" አሏት። በዕድሜያቸው ሙሉ የዋሹት ውሸት ቢደመር አንድ ኪስ አይሞላም፤ ስለዚህ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል። እሷ ግን አምናቸው ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችላቸው። "እኔም የሾፌሩን ሸራ መጨረስ አለብኝ፤ ነገ ሊወስድ ይመጣል" አለች። ያን ምሽት አባ ቧንቧ ምንም ያልሆነ ወገባቸው ላይ ያንን ጠርሙስ አድርገው በኀፍረት ላብ ተኙ።

ገና ሳይነጋ አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ባኞውን አይቶ በር ላይ ቆመ።

"አባባ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ባኞ ነው።"

"እሱማ አየሁት። ወዴት ነው?"

"ወደ ውሃ።"

ረዳቱ ትንሽ አሰበና "ትክክል" ብሎ አሳለፋቸው።

ደግሞም ሠራ! ይህንን ማንም አይካድባቸው። ሌሊቱን ብርዱ ጭቃውን አጠንክሮት ስለነበር ባኞው ከነጓዙ ከኋላቸው እየተንሸራተተ መጣ፤ እንዲያውም ግድቡ ላይ ካለው ጠጠር ይልቅ ከግድቡ ሥር ያለው ጭቃ ላይ ይበልጥ ተመቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጭቃን ሲሸሹ የኖሩ ሰው ያን ቀን ጭቃ እየመረጡ ሄዱ። ትከሻቸው ባዶ፣ እጃቸው ባዶ። "ይኸው!" እያሉ ለማንም ይናገራሉ። ሸምበቆው ዘንድ ደረሱ፣ የእንጨት ዳክዬዎቹን ውሃው ላይ በተኑ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው መንጋ ክንፉን እያፏጨ በላያቸው ዞረ። አባ ቧንቧ "አየሽ እንዴት እንደሚዞሩ?" ብለው ወደ ግራቸው ዘወር አሉ።

በግራቸው በኩል ሸምበቆ ብቻ ነበር። ጠብመንጃውን አላነሱም። መንጋው ወረደ፣ ከእንጨቶቹ ጋር ትንሽ ዋኘ፣ ነገሩን ሲረዳ ተነስቶ ሄደ። እሳቸው ፔርሙዛቸውን ከፍተው ሁለት ኩባያ ማምጣታቸውን ያን ጊዜ ነው ያዩት። አለቀሱ። ሰው የለም ብለው ነው እንጂ አያለቅሱም ነበር።

ችግሩ የመጣው በመልስ ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ ያ ማለዳ እንደ ሲሚንቶ ወለል የነበረ ጭቃ ፈትቶ አረንቋ ሆኗል። ማንም ዳክዬ አዳኝ፣ ጀማሪውም ሳይቀር፣ ይህን ጊዜ ግድቡ ላይ ይወጣ ነበር። ባኞ የሚጎትት ዳክዬ አዳኝ ግን በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ባኞው ደግሞ የሚወደው ጭቃ ነው። በመጡበት ተመለሱ። ዓይናቸው ጓዙ እንዳይገለበጥ ወደ ኋላ እያየ ሳለ ቀኝ እግራቸው እስከ ጭናቸው ገባ። ሊያወጡት ሲሉ ግራው ተከተለ። እንደምንም ባኞውን ወደ ራሳቸው ስበው፣ በደረታቸው ተጋድመው ሲወጡበት አንዱ ቦቲ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከጓዛቸው ጋር ተጣብቀው፣ አንድ እግራቸው በካልሲ፣ ጠብመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባኞ ውስጥ ተቀመጡ። ውሃ አላስገባም፤ ይህ ይመዝገብላቸው።

ግድቡ ሩቅ አልነበረም። ጓዙን ትተው በሆዳቸው ቢሳቡ ይደርሱ ነበር። ግን ጓዙን ትቶ መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ምራታቸው ታየዋለች፤ "አላልኩም? ብቻቸውን አይችሉም" ትላለች፤ ያንን ሾፌር እምቢ ትለዋለች፤ እዚያ ምድር ቤት ሸራ ስትሰፋና ሽማግሌ ስትጠብቅ ታረጃለች። ስለዚህ አልወጡም።  ብርዱን አይደለም የፈሩት፤ እሷ መጥታ እንዳታያቸው ነው የፈሩት፤ ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር፣ እሷ ሳትመጣ እንዳትቀርም ፈርተዋል።

መጣች። መጀመሪያ ድምፅዋን ሰሙ፤ ቀና ሲሉ ግድቡ ላይ ቆማለች፣ ከኋላዋ አንድ በር የሚያህል ሰው አለ። ባኞውን አየች። እሳቸውን አየች። ትንፋሿን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደባት።

"ወገብዎ ተሻለዎት?" አለች።

ለካ እሷ ምሳ ይዛላቸው ስትወጣ ያገኘችው ባዶ አልጋና የቀዘቀዘ ጠርሙስ ነበር፤ ከግድግዳው ላይ ጓዙ የለም፣ ከግቢው ባኞው የለም። ያን ጊዜ ሾፌሩ የተሰፋለትን ሸራ መኪናው ላይ ጭኖ ሊሄድ ሲል ደርሳ "ንዳ" አለችው፤ ወዴት ሳይል ነዳ። አሁን ወደ አረንቋው ልትወርድ ስትል ክንዷን ያዛት።

"ቆይ፤ አንቺም ትገቢያለሽ" አለ።

ወደ መኪናው ሮጠ። ሲመለስ ያንን ሸራ፣ ገና ክሩ ያልደበዘዘውን፣ ጀርባው ላይ ተሸክሞት ነበር። ከግድቡ እስከ ባኞው ድረስ ጭቃው ላይ ዘረጋው። ለአንድ ቅጽበት እንኳ አላሰበም፤ አባ ቧንቧ ፊቱን እያዩት ነበርና ያውቃሉ።

"አዲስ እኮ ነው" አሉት፣ ባኞው ውስጥ እንደተቀመጡ።

"ይታጠባል" አለ ሾፌሩ።

በሸራው ላይ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። ገመዱን ያዘ፤ ባኞውን ከነሽማግሌው፣ ከነዳክዬው፣ ከነበርጩማው ሳበው። አባ ቧንቧ ሲቀርባቸው አወቁት። ባለፈው ወር የቧንቧ ብልሽት አለብኝ ብሎ ደጋግሞ የጠራቸው ሰውዬ ነው! በሄዱ ቁጥር ቧንቧው ጠብ አይልም። ሰውየው ላብ እያጠመቀው ሻይ ያፈላላቸዋል፣ ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋዋል። አእምሮውን ትንሽ ነካ ያደርገዋል ብለው አዝነውለት ነበር።

ግድቡ ላይ ሲወጡ ምራታቸው ሹራቧን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለች፤ ከዚያ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ያንን የረጠበ ካልሲ ትገፍፍ ጀመር። 

"ለምን?" አለች። "ለምን ብቻዎን? ምን አድርጌዎት ነው?"

"እንድትሄጂ ነው፣ አንቺ ልጅ" አሉ አባ ቧንቧ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። "ሰው ጠይቆሽ በኔ ጓዝ ምክንያት እሺ እንዳላልሽ ሰማሁ። እኔ ብቻዬን እንደምችል ብታዪ ትሄጂ ነበር። ብትሄጂ ደግሞ ማን እንደምሆንሽ አላውቅም፤ እሱን ፈርቼ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ ይሄ ነው።"

ካልሲውን ጨምቃ ባኞው ውስጥ ጣለችው። ሾፌሩ የዳክዬዎቹን ጆንያ ከባኞው አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎታል፤ እርሳሶቹ በጎኑ ተንጠልጥለው ሱሪውን ይመታሉ፤ ማውረዱን የረሳ ይመስላል። ሁለቱን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጋሼ፣ ቦታው እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለ። "ግን ዛሬም ካልተናገርኩ ሄጄ የራሴን ቧንቧ መስበሬ ነው። እሷ ጓዝ የሚባል ነገር አላነሳችብኝም። 'መጀመሪያ አባቴን ጠይቅ' ነው ያለችኝ። ፈርቼ ነው የከረምኩት።"

"አባቷ ሞቷል" አሉ አባ ቧንቧ ሳያስቡት። "ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተው።"

"እኔም እንደዚያ አልኳት" አለ ሾፌሩ። "'እሱን አይደለም' አለችኝ።"

ነፋሱ ሸምበቆውን አተራመሰው። አባ ቧንቧ አክስቷ ቤት የሄዱበት ቀን ትዝ አላቸው። ያኔ የወንድ ልጅ አባት ነበሩ፤ የወንድ ልጅ አባት ሥራው ቀላል ነው፤ ልጁን ያሞግሳል፣ ከእውነቱ ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ ይጠይቃል፣ ይዞ ይሄዳል። ያኔ አክስትየዋ ምን ብላ እንደመለሰችላቸው ለማስታወስ ሞከሩ። የአክስትየዋ ዓይን እንባ እንደሞላ ብቻ ነው የሚያስታውሱት፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር።

"እኔ የሴት ልጅ አባት ሆኜ አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ምን እንደሚባል አላውቅም።"

ምራታቸው ባዶ እግራቸውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

"ከሆኑ ቆይተዋል እኮ፣ አባባ" አለች።

አባ ቧንቧ ወደ ግዙፉ ሰው ዞሩ።  

"ስማ" አሉት። "ልጄ ሲከብዳት አትናገርም። አንተ ሁልጊዜ ጠይቃት።"